ምስክርና ወንበር፤ የትምህርት ማዕርግ እንጀራ ስለ ማስገኘቱ ታሪካዊ ሐተታ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብም ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ እንደ ቅጥር ቆመው በሚጠብቁት የራያ ቈላ መካከል፣ ዋጃ የምትባል ከተማ አለች። የሕዝቧ ኑሮ በማሽላና በጤፍ፣ በከብትና በገበያ ነው። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ልጅ ያላቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት ኹሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም «ልጄ እስከ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዲግሪ ቢይዝ እንጀራ ያገኛልን? ወይስ ልፋቱም ወጪውም በከንቱ ይቀራል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከባድ ነገር አለበት። አባት በሬውን ይሸጥበታል፤ እናት ከጓዳዋ ትቀንስለታለች፤ ልጅም ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚያህል ዕድሜውን ይሰጥበታል። ተስፋው ያልሞላ እንደ ኾነ ልጁ ወይ በአባቱ ደጅ ያለ ሥራ ይቀመጣል፣ ወይ የጅቡቲን በረሓና የየመንን ባሕር አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያደርሰውን፣ ብዙዎች የቀሩበትን መንገድ ይጀምራል። ልጁ የተሳካለት ሰው በደስታ፣ ያልተሳካለት በምሬት ይናገራል፤ ደስታውም ምሬቱም ግን የአንድ ቤት ወሬ ነው። ከአንድ ቤት ወሬ ወጥቶ የሀገርን ነገር ለማወቅ የሚሻ ሰው ታሪክን መጠየቅ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ትምህርትና እንጀራ በሀገራችን እንደ ምን እንደ ተገናኙና እንደ ምን እንደ ተለያዩ በየዘመኑ እያየን እንሄዳለን።

መጀመሪያ የጥንቱን እንመልከት። የዘመኑ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣ በፊት በሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ከሀገር ወደ ሀገር ይዞራል። ለራያና ለላስታ ልጅ ከስመ ጥሮቹ የቅኔ ሀገሮች ቅርቡ ዋድላ ነው፤ ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋራ ቅኔ ከሚመነጭባቸው ከሦስቱ ታላላቅ ቤቶች አንዱ ነውና። ድጓ የተማረ ሰው ደግሞ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ ሄዶ በሊቁ ፊት ሳይፈተን ትምህርቱ ተፈጸመ አይባልም ነበር። ይህን ፈተና «ምስክር» ይሉታል። ዛሬ በወረቀት ላይ ጽፈን የምንሰጠውን ምስክርነት ያን ጊዜ የሚሸከመው ሰውዬው ራሱ ነበር፤ ማኅተም ባይኖረውም በየትኛውም ደብር ጠይቀው ቢፈትኑት እዚያው ቆሞ ያሳይ ነበርና ነው።

ይህን ያህል የደከመው ሊቅ እንጀራውን ከወዴት ያገኝ ነበር? የሚመገበው ከምስክሩ አልነበረም፤ ከመሬቱ ነበር። ደብሩ እንደ ሀብቱ የሰሞን መሬት ነበረው፤ መሬቱም ለአለቃው፣ ለመሪጌታው፣ ለቄሱ፣ ለዲያቆኑና ለደብተራው በየአገልግሎቱ ይከፈል ነበር። በጉባኤ ቤት ቋንቋ «ወንበር ዘረጋ» ማለት ለማስተማር ተቀመጠ ማለት ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ «ወንበር» ስል ሰው ዕውቀቱን ይዞ ቢቀመጥበት እንጀራ የሚያገኝበትን የተዘጋጀ ቦታ ማለቴ ነው። የደብር ወንበር የተቈጠረ ነበር፤ ሊቅ ቢበዛም መሬቱ አብሮት አይበዛም። ስለዚህ ከተማሩት ብዙዎቹ ርስት ያለው ደብር ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። እነዚያም ቢኾኑ ከነዕውቀታቸው በረሃብ እንዳይሞቱ ያደረጋቸው ከትምህርቱ ጋራ የተማሩት የእጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ብራና ይፍቃል፣ ሌላው ቁም ጽሕፈት ይጽፋል፣ ሌላው መጽሐፍ ይደጕሳል፣ ሌላው ልብስ ይሰፋል፣ አብዛኛውም ያርሳል። ለአገረ ገዥ ደብዳቤ ጸሐፊ ኾኖ የከበረም አለ።

ይህ ሥርዐት ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ የሰሞን መሬት በአንድ ቀን ቀረ። የመሪጌታው ዜማ አልጠፋም፤ የቅኔው መንገድ አልተለወጠም፤ ምስክሩም ትናንት እንደ ነበረ ዛሬም ነበረ። የተነሣው ከሥሩ የነበረው ወንበር ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት እስከ ጽሑፉ መጨረሻ ይዘነው እንሂድ፤ ምስክር ሰውን ወደ ወንበር ያደርሰዋል እንጂ ወንበሩን ራሱ አይሠራም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንለፍ። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥርዐት አቆሙ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። አስተማሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ቅብጣውያን ሲኾኑ፣ ከግእዝና ከዐማርኛ ጋራ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና ጣልያንኛ ይሰጥ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ከትምህርት ቤቱ በፊት የሚኒስትሮቹ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ የኢትዮጵያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ፖስታና ስልክ ገብቶ ነበር፤ ምድር ባቡሩም ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ለእነዚህ ኹሉ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሒሳብ የሚያሰላና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ነበር። ወንበሩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሰው ይጠብቅ ስለ ነበረ፣ ከትምህርት ቤት የወጣው ኹሉ በደስታ የሚቀበለው አገኘ።

በዚያው ዘመን የተከፈተው ወንበር የቤተ ክርስቲያንን ሊቃውንትም ጠራ። የመጀመሪያው የጽሕፈት ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ነበሩ። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መኾን ደረሱ። ከኤውሮጳ ተምረው የተመለሱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በድሬዳዋ ተሾሙ። እኒህ ሰው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው በመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር መጽሐፋቸው የሀገር ሀብት ዕውቀት ከተጨመረበት ሥራ እንደሚመጣ አስተምረዋል። ዕውቀት ሥራን ሲያግዝ ሀብት ይወጣል፤ ዕውቀት ከሥራ ተለይቶ ሹመት ብቻ ሲጠብቅ ግን ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በታች እናየዋለን።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወጣቶችም ወደ ውጭ ሀገር መላካቸው በዛ። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሀገሪቱን በወረረችና ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጭፍጨፋ ባወጀች ጊዜ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መሥሪያ ቤቱ ብዙ፣ የተማረ ሰው ጥቂት ኾኖ ተገኘ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአዲስ አበባው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ።

ለዚህች ሰፊ ሀገር 33 ተማሪ! እንግዲህ የዲግሪ ዋጋ ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ ከዚህ ቍጥር ይታወቃል። ሚኒስቴሩ፣ ባንኩ፣ አውሮፕላኑ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ኹሉ ይሻማበት ነበር። ተመራቂው ሥራ ፈላጊ አልነበረም፤ ተፈላጊ ነበር እንጂ። በራያ ቈላም ገበሬው ይህን በዐይኑ ያየው ነገር ነው። ኢጣልያ በሠራችው አውራ ጐዳና ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጣው መኪና አስተማሪውን፣ ድሬሰሩን፣ ዳኛውንና የመንግሥት ጸሐፊውን ያወርድ ነበር። ድርቅ ቢመጣ ደመወዛቸው አይቀርም፤ አንበጣ ቢወርድ ቀለባቸው አይጐድልም። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው የሕዝብ አነጋገርም የተማረ ሰው የነበረውን ክብር ያስረዳል። ስለዚህ የቻለ አባት ልጁን ወደ ደሴ፣ ወደ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ይልክ ነበር።

የራያ አባት ተስፋውን በትምህርት ላይ የጣለው ክብርን ብቻ ሽቶ እንዳልኾነም መታወቅ አለበት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናም ታጥቶ በወሎ ረሃብ በኾነ ጊዜ የራያና ቆቦ አውራጃ ገበሬ እርሻውን ጥሎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ በዚያው አውራ ጐዳና ዳር ተሰልፎ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ባለችው በቆረም የኾነውን ዓለም ኹሉ አይቶታል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ መሬቱ የከዳው ሰው ከልጆቹ አንዱ እንኳ ዝናም የማይጠብቅ እንጀራ ይኑረው ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። እንግዲህ ዲግሪ በዋጃ ሰው ዘንድ ለቤተ ሰቡ ከረሃብ መጠጊያ እንዲኾን የታሰበ ነገር ነው።

ነገር ግን ወንበሩ መሙላት የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በከተሞች መታየት ጀምረው ነበር። መንግሥት በ1964 ዓ.ም. የትምህርቱን ሥርዐት የሚመረምር ጥናት አስደረገ፤ ጥናቱም ለብዙኃኑ አጭርና ከኑሮው ጋራ የተያያዘ ትምህርት እንዲሰጥ፣ የከፍተኛው ደረጃ ትምህርት ግን እንዲወሰን መከረ። አስተማሪውና ወላጁ ይህን በሰሙ ጊዜ «የድኻው ልጅ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ሊነሣ ነው» ብለው ተቈጡ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ከባለታክሲዎችና ከወታደሮች ዐመፅ ጋራም ተባብሮ ያ መንግሥት እስከ መውደቅ ደረሰ። ስለ ወንበር ጥበት የተነሣ ክርክር ዙፋንን ከነቀነቁት ነገሮች አንዱ ኾኖ መቈጠሩ ነገሩ ትንሽ አለመኾኑን ያስረዳል።

በደርግ ዘመን ጥያቄው ተከድኖ ቆየ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀውን ኹሉ መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ ይመድበው ስለ ነበረ ተመራቂው ሥራ አገኝ ይኾን ብሎ አይጨነቅም፤ ወዴት እመደብ ይኾን ብሎ ይጨነቅ ነበር እንጂ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ምደባው ቀረ። ወላጅ ዘንድ የቀረው ተስፋ ግን የምደባው ዘመን ተስፋ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ገደማ በሀገሪቱ ከተሞች የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 30 ከኾኑት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ሥራ ፈት መኾናቸውን፣ ሥራ ሲጠብቁ የሚቆዩበትም ጊዜ በአማካይ ወደ 4 ዓመት እንደሚደርስ አሳይቷል። ከእነዚህም የሚበዙት ከሌላው የተሻለ የተማሩና የመንግሥትን ሥራ የሚጠብቁ ነበሩ። ፈጽሞ ያልተማረው ድኻ ለአንድ ወር እንኳ ሥራ ፈትቶ የሚበላው ስለሌለው ያገኘውን ይሠራል፤ የተማረው ግን ቤተ ሰቡ እየመገበው ወንበሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሥራ ማጣት በተማረው ላይ በዝቶ የታየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው በዛ። በ1983 ዓ.ም. ከአሥመራው ሌላ በሀገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ሲኾኑ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ኾኑ። ከዋጃ በስተ ደቡብ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም.፣ በስተ ሰሜን በማይጨው የራያ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተከፈተ። ቀድሞ ለመማር ደሴና አዲስ አበባ መውረድ ግድ የነበረበት የራያ ልጅ አሁን ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ዲግሪ ለመያዝ ቻለ። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱና ፋብሪካው በዩኒቨርሲቲው ልክ አልበዛም። በ2000ዎቹ ዓመታት ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ድንጋይ ጠርበው መንገድ ሲያነጥፉ መታየታቸው በመላው ሀገር ተወራ። አንዳንዱ ይህን ለስድብ አወራው፤ እኔ ግን በላቡ የበላውን ወጣት ሳይኾን፣ የምሕንድስናውና የሒሳቡ ዕውቀት አለ ሥራ መቅረቱን አዝንበታለሁ።

ወንበር ያጣው የራያ ወጣት ከነዲግሪውም ቢኾን ወደ ባሕር ማዶ ተመለከተ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች ማስወጣት ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የራያ ቈላ ልጅ ከሚበዛባቸው ስደተኞች መካከል ነው። በጅዳና በሪያድ በበግ ጥበቃና በቤት ሥራ የሚገኘው ገንዘብ በሀገር ከሚከፈለው የአስተማሪ ደመወዝ ሲበልጥ ያየ ታናሽ ወንድም «ታላቄ ተምሮ ምን አገኘ?» ብሎ ደብተሩን ይጥላል። ወንበር ያጣ አንድ ተመራቂ በመንደሩ ላሉት ዐሥር ልጆች የትምህርትን በር ይዘጋል፤ ከጉዳቱ ኹሉ የሚከፋው ይህ ነው።

በዚያው ላይ ምስክሩ ራሱ ተጠራጠረ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከልከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ከመቶ 50 ያመጡት ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ኾኑ። በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ያለፉት ከመቶ 40 የሚያህሉ ናቸው። በእኛ አውራጃ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ልጆችን ከመማሪያቸው አፈናቅሎ ነበርና መከራው ተደራረበ። አሠሪ የያዝኸውን ወረቀት ካላመነ፣ ወረቀቱን ያገኘኸው በእውነተኛ ድካም ቢኾን እንኳ ከሐሰተኛው ጋራ ያስቈጥርሃል። የጥንቱ ምስክር ከዚህ የተጠበቀ ነበር፤ ድጓ ያልተማረ ሰው ተምሬያለሁ ቢል በአንድ ምሽት ማሕሌት ይጋለጥ ነበርና።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የኾነ አይደለም። በቻይና ከ1300 ዓመት በላይ የመንግሥት ሹመት በፈተና ይሰጥ ነበር። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1700 እስከ 1850 የሀገሩ ሕዝብ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ሹመቱና የሚያልፈው ሰው ቍጥር ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ያን ጊዜ ሖንግ ሺውጯን የሚባል ሰው ደጋግሞ ተፈትኖ ወደቀ፤ በኋላም የታይፒንግን ዐመፅ መርቶ ከ1850 እስከ 1864 በቆየው ጦርነት 20 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ዐመፁ በፈተና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ረሃብና ግፍም ነበረበት። ነገር ግን ተምሮ ተስፋ የቈረጠ ሰው ከመሃይም ይልቅ ብዙዎችን ሊያስከትል እንደሚችል ያስተምራል። ያ ፈተና በ1905 ተሻረ።

አሁን ደግሞ በሀገራችን ወንበር ሲዘጋጅ የኾነውን እንይ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት እየኾኑ ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። በየቀበሌው የተመደቡት የግብርና ልማት ሠራተኞችም እንዲሁ ዲፕሎማ ይዘው ደመወዝተኛ ኾኑ። በአንድ መንደር ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰችው እኅት ሕፃናትን እያስከተበች ደመወዝ ስትበላ፣ ዲግሪ የያዘው ወንድም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የትምህርቱ ርዝመት አይደለም፤ ለእርሷ ወንበር አስቀድሞ ታስቦላት ነበር፣ ለእርሱ አልታሰበለትም።

እንግዲህ «ዲግሪ ሥራ ያስገኛልን?» ለሚለው የዋጃ አባት ታሪክ የሚሰጠው መልስ ምንድር ነው? ፈጽሞ አያስገኝም ማለት ሐሰት ነው። በሀገራችንም በሌላውም ዓለም ሥራ ከያዙት መካከል የተማረው ካልተማረው የተሻለ ደመወዝ እንደሚያገኝ በጥናት የታወቀ ነው፤ ሐኪምነትንና መሐንዲስነትን የመሰለውን ሥራ አለ ዲግሪ ማንም አይገባበትም። ያለ ጥርጥር ያስገኛል ማለትም ሐሰት ነው፤ ይህ የ1943 ዓ.ም. ወሬ ነው፣ ተማሪው 33 በነበረበት ጊዜ እውነት የነበረ። ስለዚህ አባት ልጁን ከትምህርት ቤት አያስቀር፤ ነገር ግን «ተማር፣ የቀረውን መንግሥት ያውቃል» ብሎ አይላከው። ይልቁንም ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሚማረውን ትምህርት የሚፈልግ ወንበር በእውነት የት አለ? ልጁ ወረቀቱን ሳያሳይ በእጁና በአፉ ሊያሳየው የሚችለው ዕውቀት ምንድር ነው? ወንበሩ ቢዘገይ እስኪመጣ ድረስ የሚበላበት የእጅ ሥራ አለውን?

ሦስተኛው ጥያቄ የጥንቱ ሊቅ ያወረሰን ነው። ቅኔ ያስነገረ ሰው ብራና ፍቆ በመብላቱ ማዕርጉ አልወረደም። ዛሬ ግን ዲግሪ የያዘ ልጅ ሞፈር ቢጨብጥ ወይም ሱቅ ቢከፍት ጎረቤት «ለዚህ ነው የተማረው?» ብሎ ያፍርበታል። ይህ ነውር የመንደር ነው፤ ልጁን ከሥራ የሚያስቀረው አንዳንድ ጊዜ የሥራ እጦት ሳይኾን ይህ የሰው ዐይን ነው።

ነገር ግን ኹሉን በልጁና በአባቱ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ወንበር የሚሠራው ሀገር ነውና። የራያ ቈላ ድኻ ምድር አይደለም። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጐርፍ በሌሊት ተነሥቶ፣ ግድብ አበጅቶ ወደ ማሽላው የሚመልስበት «ጠለፋ» የሚሉት ጥበብ ከጥንት የቆየ ነው፤ ይህም ያለ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ምሕንድስና ነው። ከምድሩ በታችም ብዙ ውሃ አለ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቆቦ ጊራናና በራያ ሸለቆ ጕድጓድ እየተቈፈረ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በቆሎና ፍራፍሬ ተመርቷል። ውሃው ግን ብቻውን አይወጣም። ሞተሩን የሚጠግን፣ የመብራቱን መሥመር የሚያይ፣ የአፈሩን ጨው የሚመረምር፣ የከብቱን በሽታ የሚያውቅ፣ የማኅበሩን ሒሳብ በእውነት የሚይዝ፣ የሽንኩርቱን ዋጋ ከደላላ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የወልድያና የማይጨው ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሰዎች ሊያወጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚቀጥር ማኅበር፣ የሚያበድር ባንክ፣ የሚያስጠብቅ ሰላም ከሌለ ተመራቂው ውሃው ባለበት ምድር ላይ ቆሞ ወደ ጅዳ ይመለከታል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱን አቁመው በ1901 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። እኛ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ቤቱን አስቀድመን መሥሪያ ቤቱን አዘገየነው። ትምህርት ቤቱን መክፈታችን አይነቀፍም፤ የቀረውን ግማሽ ሥራ መፈጸም ግን የመንግሥትም፣ የባለሀብትም፣ የራያ ሽማግሌዎችም ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ እስኪከፈል ድረስ የዋጃ አባት ልጁን ሲያስተምር ዐይኑን ገልጦ ያስተምር፤ ልጁም ወረቀቱን በሣጥን፣ ዕውቀቱን በእጁ ይዞ ይውጣ።